ባቡሩ እስኪጮኽ

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ተከራይዬ ሰብለ የሦስት ወር ልጇን ታቅፋ ደጃፌ ላይ ቆመች። ልጅቷ እግሯን እያንፈራገጠች ታለቅሳለች...

«እማማ፣ ወተቴ እየቀነሰ ነው። አብሹንም ጠጣሁ፣ የአጃ አጥሚቱንም ጠጣሁ፣ ተልባውንም ሞከርኩ። ሌላ የሚያውቁት ነገር የለም?»

ሰብለ ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ትረከባለች። የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ሥራ ከገባች ሁለት ሳምንቷ ነው። ትናንት ቅዳሜ ስለሆነ በጊዜ ተመልሳለች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«መጀመሪያ ይችን ልጅ አጥቢያት» አልኳት።

ስልኳን አየች። «ገና አርባ ደቂቃ ይቀራታል። ጡቴ እስኪሞላ ልጠብቅ ብዬ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ይጮኻል።»

ሲደርስ ይጮኻል...

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

እኔ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው ያደግሁት። የቤት አያያዝ መምህራችን «ሕፃን በየአራት ሰዓቱ ይጠባል፤ በመካከሉ ቢያለቅስ አመል ነው» ብላ አስተምራናለች። በፈተናም መጥቶ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

አስቴርን የወለድኩት እዚሁ አቃቂ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ስሠራ ነው። የጠዋት ፈረቃ ነበርኩ። ስምንት ሰዓት ሲሆን በሩጫ ገብቼ አጠባታለሁ፤ ቀጣዩ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ቤታችን ውስጥ ሰዓት አልነበረም። ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ጣቢያው ሲደርስ ይጮኻል። የእኔ ሰዓት እሱ ነበር። አስቴር ብታለቅስም ባታለቅስም፣ ባቡሩ ሳይጮኽ ጡት የለም።

አማቴ መጀመሪያ ትስቅብኝ ነበር። «አንቺ፣ ልጅሽ የድሬዳዋ ተሳፋሪ ናት እንዴ?»

«ሥርዓት ነው፣ እትዬ።»

ወተቴ ሲቀንስ ግን ሳቋን ተወች። አብሽ ታጠጣኛለች፣ አጥሚት ታቀርብልኛለች። እኔ አጥሚቱን እጨልጣለሁ፤ ልጄን አላስጠጋም። «ላም እንኳ ጥጃዋ ካልጠባ አትታለብም» አለችኝ አንድ ቀን። የገበሬ ወሬ ነው ብዬ ናቅኋት።

አንድ ቀን በክረምት... ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ፀሐይ የለች፣ ጊዜው አይለይ። አስቴር ማልቀስ ጀመረች። ባቡሩን ጠበቅሁ። አሁንም አለቀሰች። ጠበቅሁ። ቀሚሴ ደረቴ ላይ እስኪርስ ወተቱ ይፈሳል፤ እኔ እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ።

«ስጫት!» አለች አማቴ።

«ባቡሩ አልጮኸም።»

«ባቡሩ ነው የወለዳት?»

እየመሸ ሲሄድ አስቴር ጸጥ አለች። ደስ አለኝ። «አዩ እትዬ፣ ተኛች» አልኩ።

አማቴ ጎንበስ ብላ አየቻትና ቀና አለች። «አልተኛችም። ተስፋ ቆርጣ ነው።»

ለካ ጎርፍ ሐዲዱን ወስዶት ኖሮ ባቡሩ የዚያን ቀን አልመጣም። በነጋታውም አልመጣም። በመጨረሻ ጡቴን ባስጠጋላትም ለመሳብ አቅም አልነበራትም። እኔም በሳምንቱ ደረቅሁ።

ለሰብለ ይህን ሁሉ ነገርኳት።

«ከዚያስ?» አለችኝ።

ከዚያማ... ጡጦ ነበር። የክረምት ውኃ ነበር። ተቅማጥ ነበር። አስቴር ለእንቁጣጣሽ አልደረሰችም።

ይህንን ግን አልነገርኳትም። አጥቢ ሴት ፊት የሞተ ልጅ ነገር አይነሳም፤ ሟርት ነው። እንዲህ ተብዬ ነው ያደግሁት፤ በሰማንያ ዓመቴም ከአፌ አልወጣ አለኝ። «ከዚያማ በጡጦ ሆነ» ብዬ ዘጋሁት።

«ወተት የሚጨምረው የልጅቷ አፍ ነው። ባለቀሰች ቁጥር ስጫት። ስትሠሪ ብትውይም ማታ ከጎንሽ አትለያት» አልኳት።

ፈገግ አለች። «እማማ ደግሞ! ያ እኮ ባቡር ነው፣ ይቀራል። ይሄ ስልክ ነው፤ አይዘገይም» አለችና ልጇን እያባበለች ወደ ክፍሏ ገባች።

ግድግዳችን አንድ ነው። ለቅሶው ይሰማኛል። ተነስቼ ልሂድና የቀረውን ልንገራት እላለሁ፤ ሟርተኛ አሮጊት ልባል ነው ብዬ መልሼ እቀመጣለሁ። ለቅሶው እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ... ከዚያ ቆመ።

ከተቀመጥኩበት እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። በሯን አንኳኳሁ።

«ምነው ልጄ፣ አጠባሻት?»

በሩን ገርበብ አድርጋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ፊቷ በደስታ በርቷል።

«ተኛች» አለችኝ በሹክሹክታ።

አፌን ከፈትኩ። አሁንም አልወጣልኝም።

ወደ ቤቴ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ሲሆን ስልኩ ከግድግዳው ወዲያ ጮኸ።

እውነቷን ነው፤ አይዘገይም።