በፎቶ የታከሙት ጥዶች

የታመመ ዛፍ አያታልለኝም። ጉራ ይመስላል፤ ይምሰል! ቡራዩ ቤት ተከራይቼ፣ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ያለውን ደን በእግሬ ስዞር ስንት ዓመቴ። የደን ባለሙያ ነኝ። ጫፉ ሲቀላ አየሁ ማለት ገና ምንም አላየሁም ማለት ነው። ቅርፊቱን በቢላ ፋቅ አድርጌ ውስጡ አረንጓዴ መሆን አለመሆኑን አያለሁ፤ ግንዱን በመጥረቢያ ጀርባ መታ መታ አድርጌ ውስጡ ባዶ ከሆነ በድምፁ እለየዋለሁ፤ ከዚያ ተንበርክኬ ሥሩን እቆፍራለሁ። ሰው ግን አንዴ ቀና ብሎ ቅጠሉን ያይና "በሽታ ገባበት" ብሎ ይፈርዳል። እንዴት እንደሚያናድደኝ!

አንድ ጊዜ ግን እኔው ራሴ እንደዚያ አደረግኩ። ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ መውጫ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት፣ ሟች ባለቤታቸው የተከሏቸው የአበሻ ጥዶች ከቤታቸው ጀርባ አሏቸው። ጥቂቶቹ ሲቀሉባቸው የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ታክሲ ውስጥ ተጣብቄ ተቀምጫለሁ። ፎቶውን በሁለት ጣቴ አጉልቼ አየሁና "ፈንገስ ነው። ወደ ሌላው ሳይዛመት የቀሉትን ቆርጣችሁ አቃጥሉ" ብዬ ጻፍኩ። ታክሲው ሳይቆም ጨርሼ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ዘጠኝ ዛፍ ተቆረጠ።

በዓመቱ ያው ባለሙያ ደወለልኝ። በሽታው አልቆመም፣ ሴትዮዋ ተስፋ ቆርጠው የቀሩትን በሙሉ ሊያስቆርጡ ነው፣ ባለመጋዞቹ ሰኞ ይመጣሉ አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ራሴ ሄድኩ።

"አካም ቡልተን፣ እማማ?" አልኳቸው፤ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ማለቴ ነው።

"ፈያ፣ ገለታ ዋቃ፤ ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። ዶክተሯ አንቺ ነሽ?" አሉኝ።

ዶክተር አይደለሁም፤ ግን ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

"እነዚህ ዛፎች ካለቁብኝ እዚህ ቤት ምን እሠራለሁ? ሰውየው ከሞተ ወዲህ ጠዋት ወጥቼ የማየው እኮ እነሱን ነው" አሉ። እንባቸው ቀርቦ ነበር።

ሥራዬን ጀመርኩ። ቅርፊቱን ስፍቀው ውስጡ አረንጓዴ ነው። ግንዱም ስመታው ድፍን ነው። የቅጠል ቅማል የለ፣ ሻጋታ የለ። ደግሞ ዛፉ የቀላው ላሞች በሚቆሙበት በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። ጎንበስ ስል መሬቱ በከብት ኮቴ ተረግጦ ተረግጦ ሲሚንቶ ሆኗል። ከግንዱ ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ መሃሉ ከመላስ ብዛት ጎድጉዷል። አጠገቡ በዶማ ቆፍሬ፣ አፈሩን ቆንጠር አድርጌ ቀመስኩት።

"ኧረ በማርያም! ቁርስ ሳትበዪ ነው እንዴ የመጣሽው?" አሉና ሳቁ።

"ጨው ነው፣ እማማ። ለላሞቹ ጨው የሚሰጡት እዚህ ነው?"

"አዎ፣ ጥላ ስለሆነ። ዛፉ ቀልቶ ጥላው ሲሳሳብኝ ድንጋዩን ወደሚቀጥለው እወስደዋለሁ።"

ለካስ "በሽታው" ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሄድ የከረመው ከድንጋዩ ጋር ነው! ዝናቡ ጨዉን አሟሙቶ ወደ ሥር ያወርደዋል፣ ስድስት ላም ከላይ ይረግጠዋል፣ ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ድንጋዩን ወደ በረት ይውሰዱት፣ ከብት አያስጠጉ፣ መሬቱን ሥሩን ሳይነኩ ቀስ ብለው ያላሉት፣ የቀረውን ጨው ክረምቱ ያጥበዋል አልኳቸው። አንድም ዛፍ እንዳይቆረጥ። እዚያው ቆመው ለባለመጋዙ ደወሉና እንዳይመጣ በኦሮምኛ ነገሩት፣ እየሳቁ። እኔማ ምድር ጠበበችኝ፤ ዶክተርነቱ ራሱ አነሰኝ።

በዚያው ሞቅታ፣ የልማድ ነገር ሆኖብኝ፣ አምና በእኔ ቃል ከተቆረጡት የአንዱን ጉቶ በመጥረቢያ ላጥ አደረግኩት። ውስጡ እንደ ጤነኛ ጥድ እንጨት ቀይ ነው፤ ንጹህ፣ ምንም እድፍ የሌለው። ፈንገስ የገባበት ጥድ እንዲህ አይሆንም። ክው አልኩ።

እሳቸውም አዩኝ። "ያኔ የተቆረጡትስ? እነሱም በጨው ነበር?"

መዋሸት እችል ነበር፤ ማን ያውቅብኛል?

"አዎ፣ እማማ። ይድኑ ነበር። መጥቼ ማየት ሲገባኝ ፎቶ አይቼ ነው ቁረጡ ያልኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጉቶው ላይ ተቀመጡ። 

"ያኔ ባለመጋዙ 'ይሄማ ደህና ይመስላል፣ እንተወው' ብሎኝ ነበር እኮ" አሉ። "'የተማረ ሰው ካለ አለ ነው፣ ቁረጥ' ያልኩት እኔ ነኝ።"