የሥዕሉ ጀርባ

ፖሊሶች ቀለም መፋቂያ ቢላዬን ከሳጥኔ ውስጥ ባገኙበት ቅጽበት እጄ ካቴና ገባ። ድሬ ዳዋ፣ በከዚራ ሰፈር ባለ አንድ ክለብ አዳራሽ የተሰቀለው ትልቁ የንጉሡ ሥዕል ከጫማው ከፍ ብሎ ተቀዶ ተገኝቷል። እኔ የተጠራሁት ልጠግነው ነበር። የባቡር ሠራተኞች ሥራ አቁመው በዚያው አዳራሽ ከተሰበሰቡ ገና ብዙ አልቆየም፤ ፖሊሶቹ ሥዕሉን ማን እንደቀደደው ይፈልጋሉ። እኔ ሥዕሉን ሳላየው እነሱ ቢላዬን አዩ። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የኔ በሳጥን ነበርና ጉድ አደረገኝ።

የታሰርኩበት ክፍል ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲግል ይውላል፤ አየሩ የላብና የሽንት ሽታ ብቻ ነው። ከእኔ በፊት የአዳራሹ ዘበኛ፣ አንድ የመጋላ ሰፈር ሽማግሌ፣ ገብተው ነበር። ሽርጥ አገልድመው ትከሻቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ጣል አድርገዋል። ሲሰግዱ የሚያነጥፉት እሱኑ ነው።

"አንተም በሥዕሉ ነህ?" አሉኝ።

"በሥዕሉ ነኝ፣ አባባ።"

"ወላሂ እኔ እጄን አላነሳሁበትም። ወለሉን እጠርጋለሁ፣ እሄዳለሁ። ቀና ብዬ እንኳ አላየውም፤ እፈራለሁ።"

ከወዲያኛው ክፍል አንድ ሰው ሲጮህ ሰማን፤ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ኮቴ በተሰማ ቁጥር ሁለታችንም በሩን እናያለን።

በማግስቱ ጠዋት የጣቢያው አዛዥ፣ ሻምበሉ፣ ሁለታችንንም አስጠሩን። ሥዕሉ ቢሮአቸው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ወደ ውስጥ የሚገባ ፖሊስ ሁሉ መጀመሪያ እጅ የሚነሳው ለሥዕሉ ነው። ሽማግሌውን በሩ አጠገብ አቆሟቸው። ሻምበሉ እኔን ጠጋ አድርገው በቀስታ ተናገሩ።

"ይህ በቢላ የተቀደደ ነው። ሽማግሌው እንደቀደደው ባለሙያ ሆነህ ትመሰክራለህ፤ ቤትህ ትገባለህ። አይሆንም ካልክ ቢላው ያንተ ነው።"

ሚስቴ ትዝ አለችኝ፤ የት እንዳለሁ እንኳ አታውቅም። እሺ ለማለት ምንም አልቀረኝም ነበር።

"መጀመሪያ ልየው፣ ጌታዬ" አልኩ። ያናገረኝ ፍርሃት ነው። ግን ሙያውም ቢሆን የሚጀምረው ከማየት ነው፤ ሥዕል ሳይታይ አይነካም።

መስኮቱን ከፈቱልኝ። የጠዋት ፀሐይ ከጎን ሲመታው የሸራው ጉብታና ስርጉድ ሁሉ ወጣ። ከቅዳዱ ሥር አንድ እብጠት አለ፤ ከኋላ የሚገፋው ነገር አለ ማለት ነው። ቢላ ክርን እኩል ይቆርጣል። እዚህ ግን አንዱ ክር አጭር፣ አንዱ ረጅም ሆኖ ተጎትቶ ነው የተበጠሰው። ቀለሙም ሊረግፍ ደርሷል፤ በቁሙ ማዞር አይቻልም።

"ጀርባውን ለማየት ጠረጴዛው ላይ መገልበጥ አለበት" አልኩ።

የሻምበሉ ጸሐፊ ብዕሩን አስቀመጠ። ምን እንደተናገርኩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የንጉሡ ፊት ወደ ታች ሊደፋ! አንዱ ፖሊስ ወደ በሩ አፈገፈገ። ሻምበሉም ላባቸውን ጠረጉ፤ የእሳቸውም ፍርሃት ከኔ አያንስም ነበር።

"ማን ይገለብጠዋል?" አሉ።

ቢላው ያንተ ነው ያሉኝ ጆሮዬ ላይ አለ። ሽማግሌውን አየኋቸው፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ይጸልያሉ።

"እኔ" አልኩ።

ሽማግሌው ሳይጠሩ ቀረቡ። ጨርቃቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጠረጴዛው ላይ አነጠፉት።

"አቦ፣ ባዶ እንጨት ላይ አታስተኛው። እኔ ግንባሬን የማስነካው እዚህ ነው። ንጹሕ ነው።"

ሥዕሉን ቀስ ብዬ አስተኛሁት። እጄ ይንቀጠቀጣል። በክፈፉ የታችኛው እንጨትና በሸራው መሐል አንዲት ሽብልቅ ተወሽቃ አገኘሁ፤ ሸራው እንዲወጠር ማዕዘኑ ላይ የምትገባ ትንሽ እንጨት ናት። የድሬ ሙቀት አድርቋት ከቦታዋ ወልቃ ወድቃለች፤ ሸራውን ስትገፋ ስትገፋ ቀደደችው። በተበጠሱት ክሮች ላይ የቆየ አቧራ ደርቆ ተጣብቋል።

"ቢላ አይደለም፣ ጌታዬ። ሠራተኞቹ ሳይሰበሰቡ በፊት የተቀደደ ነው። የሰው እጅ የለበትም።"

ሻምበሉ ሽብልቋን አንስተው አገላበጧት። "ይህን ሁሉ ጊዜ እጅ ስንነሳው አንዳችንም አላየንም?" አሉ። በዚያ አዳራሽ ሰው ሁሉ ጎንበስ እያለ ነበር የሚያልፈው፤ ሥዕሉን ቀና ብሎ ያየ አልነበረም።

"ሽማግሌው ይሂዱ" አሉ በመጨረሻ። ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ግን የንጉሡን ፊት በሰው መሐል ደፍተሃል።"

ይህ እንደሚመጣ ከገለበጥኩበት ጊዜ ጀምሮ አውቄዋለሁ። ሥዕሉን አቅንቼ ወደ ቦታው መለስኩ። ጨርቁን አራግፌ፣ አጥፌ፣ በሁለት እጄ ለባለቤቱ ሰጠሁ። አጎንብሼ እጅ የነሳሁት ለሽማግሌው ነው። ሻምበሉ አዩኝ።

ለረጅም ጊዜ ታሰርኩ። ሚስቴን ፈልገው ያለሁበትን የነገሯት ሽማግሌው ናቸው። ራሳቸውም በዚያው ነጭ ጨርቅ ዳቦና ፓፓያ ጠቅልለው ይመጡ ነበር። አንድ ቀን የእስር ቤቱ ጠባቂ በሩ ላይ "ምንህ ነው?" ብሎ ሲጮህባቸው ሰማሁ።

"ልጄ ነው" አሉ።

እዚያ ከመታሰራችን በፊት ተያይተን እንኳ አናውቅም ነበር። ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስኩ።

ዛሬ እኔም ሽማግሌ ሆኛለሁ። ያ ነጭ ጨርቃቸው እኔ ጋ ነው፤ ሲሞቱ ለኔ እንዲሰጥ ተናዝዘው ነበር። የሚጠገን ሥዕል ሲመጣ፣ የጌታም ፊት ይሁን የድኻ፣ አስቀድሜ እሱን አነጥፋለሁ። ስገለብጠው እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል።