ቦራን ከዓይን ያውጣው

«ከዓይን ያውጣው» የሚል ሰው ስሰማ ዛሬም ድረስ ደሜ ይፈላል። ነገሩ የጀመረው ልጅ ሳለሁ፣ ጅቡቲ፣ አምቡሊ ሰፈር ስንኖር ነው። አባቴ ከድሬዳዋ በባቡር ያመጣው ቦራ የሚባል የጋሪ ፈረስ ነበረን። በዚያ ጠራራ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ገና ከመንገድ የሚቀበለኝ የላቡና የገለባው ሽታ ነበር። እናቴ ከእኛ አስቀድማ እሱን ታበላለች። ግንባሩን እየዳበሰች «የኔ ጌታ፣ ከዓይን ያውጣህ» ትለዋለች።

አንድ ሰሞን የቦራ ግራ ዓይን ወደ ውጭ ይገፋ ጀመር። ያነባል፣ ዝንብ ይወረዋል። እናቴ ለምርመራ ጊዜ አላጠፋችም፤ ዓይን በልቶታል አለች። ጤና አዳም አስሸተተችው፣ ክታብ አሰረችለት፣ ጠበል ረጨችው። ዓይኑ ግን መግፋቱን አልተወም።

ሲብስ አባቴ የእንስሳት ሐኪም አመጣ። ሐኪሙ ነገሩን በፈረንሳይኛ አስረዳ፤ ከቤቱ ፈረንሳይኛ የምትማር እኔ ብቻ ስለሆንኩ አስተረጎምኩ።

«ከዓይኑ ኋላ ዕጢ አለ። ዓይኑ ቶሎ ይውጣለት ይላል።»

እናቴ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «አሜን! ዓይኑ ይውጣለት! አያችሁ፣ ዶክተሩም አወቀው!»

«እማዬ፣ በምላጭ ነው እኮ የሚወጣው!» ብዬ ጮህኩ።

ያን ጊዜ ነው ጉድ የፈላው። «ዓይን የበላው ሳያንስ ዓይኑን ሊጎለጉልልኝ ነው?» ብላ ሰውየውን ከግቢ አስወጣችው። አባቴን ተስፋ አድርጌ ባየው «እስኪ እንይ» አለ። እስኪ እንይ! ዓይኑ እየጠፋ፣ እኛ ሁለት ወር ሙሉ አየን።

ሐኪሙ ተለምኖ ሲመለስ ዕጢው ወደ ውስጥ ዘልቆ ነበር፤ የሚደረግ ነገር የለም አለን። ቦራ አንገቱን እናቴ ጭን ላይ እንደጣለ ሞተ። እሷም «ዓይን በላብኝ» እያለች አለቀሰች። ተናድጄባት ነበር፤ ግን ከሁላችንም አብልጣ የወደደችው እሷ ናት፣ ምን ይባላታል?

ዛሬ የልጄን ፎቶ በስልክ በላክሁላት ቁጥር «ከዓይን ያውጣት» የሚል የድምፅ መልእክት ይመጣልኛል፤ ጥርሴን ነክሼ እሰማዋለሁ። እኔ እንደሷ አይደለሁም። ባለፈው የልጄ ዓይን ቢቀላ ወዲያው ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ወረፋ ስንጠብቅ ጭኔ ላይ ተኛች። ግንባሯን እየዳበስኩ ከአፌ የወጣውን ስሰማ ግን ራሴ ደነገጥኩ።

«የኔ እናት፣ ከዓይን ያውጣሽ።»