የባሕር ወንበዴው ሦስት ሞት

ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ የገበያ አዳራሽ አጠገብ ባለ አፓርትመንት ከእናቴና ከታናሽ ወንድሟ ጋር እኖር ነበር። አባቴ አገር ቤት፣ ቀበሌ እስር ቤት ነው የሞተው። አጎቴ በሱዳን በኩል ከመጣ ዓመት አልሞላውም ነበር፤ አዳምስ ሞርጋን በሚባል ሰፈር ምግብ ቤት ውስጥ ዕቃ ያጥብ ነበር። እሱም ታስሮ እንዳመለጠ ስለነገራት፣ እናቴ ከወጡ ውስጥ ሥጋውን እየመረጠች ለእሱ ታወጣለት ነበር።

አስራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የታሪክ አስተማሪያችን ስለ ማን እንደምንጽፍ ዕጣ አስወጣን። የደረሰኝ የካሪቢያን ባሕር የጥንት ወንበዴ፣ አንድ ካፒቴን ነበር። ላይብረሪ ያገኘኋቸው ሦስት መጻሕፍት አይስማሙም። የት እንደተወለደ የሚያውቅ የለም። አንዱ ተሰቀለ ይላል፣ አንዱ በወባ ሞተ፣ ሌላው ከነመርከቡ ሰጠመ። ሦስቱም የሚስማሙት ምርኮኞቹ ወርቃቸውን የት እንደደበቁ እንዲናገሩ በጣቶቻቸው መሃል የሚነድ ገመድ ያስር እንደነበር ነው።

አጎቴ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አጠገቤ ተቀምጦ አስተረጎመኝ።

«ይህን የተናገረው ማነው?»

«የዘረፋቸው ሰዎች።»

«እሱስ ምን አለ?»

«አውሬ ምን ይላል?» አልኩት።

መጽሐፉን ከደነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔም ቀበሌ ውስጥ ሁለት ወር ቁልፍ ይዣለሁ» አለ። «እምቢ ብል የሚቆለፈው በእኔው ላይ ነበር። እስረኞቹን ሊገርፏቸው ሲወስዷቸው በሩን እከፍታለሁ፤ ሲመልሷቸው እዘጋለሁ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ።»

እሺ አልኩት።

እሑድ ከቸርች መልስ እንግዶች መጡ። አጎቴን ስለ እስሩ ጠየቁት፤ እንደለመደው መተረክ ጀመረ። ሴቶቹ ሲያለቅሱለት አይቼ ቅናት ይሁን ትዕቢት፣ እኔም መሰማት አማረኝ።

«የእኔ ወንበዴ ታሪኩ ሦስት ነው» አልኩ እየሳቅሁ። «የአጎቴ ሁለት ነው። ለእኔ የነገረኝ ቁልፍ ያዥ እንደነበር ነው።»

ከእኔ ጋር የሳቀ አልነበረም። እናቴ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች።

«እውነት ነው?»

«ሌላ ቀበሌ ነበር፣ እትዬ። እሱ የሞተበት አይደለም።»

«የእሱንም በር የሚዘጋ ሰው ነበር» አለችው። «ልብስህን ሰብስብ።»

ውጭ በረዶ ይጥል ነበር። የጫማውን ክር ማሰር አቅቶት ሁለቴ ጀመረ። እንግዶቹ ሁሉ መኪና ነበራቸው፤ ላድርስህ ያለው ግን የለም። እኔ ብለምንለት ምናልባት እናቴ ትሰማኝ ነበር። ክፍሌ ገብቼ ሰኞ የማስረክበውን ወረቀት ጨረስኩ። ኤ አገኘሁበት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዊተን በሚባል ሰፈር፣ አውቶቡስ ውስጥ አገኘሁት። ሸብቷል። ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሣ።

«አጎቴ» አልኩት።

«ይቀመጡ» አለኝ፣ እንደማያውቀኝ ሰው። ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወረደ።