ኦቦ ደቻሳና በቶሎ የሚገናኙት ክሮች

ኦቦ ደቻሳ ሱሉልታ ተወልደው እዚያው ያረጁ ገበሬ ናቸው። ድርቆሽ ሲገዙ ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ክምሩ ውስጥ ከትተው እርጥበቱን ሳይዳስሱ ዋጋ አይጠሩም። ሰማዩ ሲጠራ እንኳ ቀና ብለው «ምን አስቦ ነው?» ይላሉ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ልጃቸው ሶያማ ላፕቶፗን አግዳሚው ላይ ዘርግታ ጠበቀቻቸው። በማግስቱ የሁለተኛ ዲግሪ ሥራዋን መምህራን ፊት ታቀርባለች፤ ካልተቀበሏት ዓመቱን ትደግማለች።

ስክሪኑ ላይ፣ አንዲት ክብ ውስጥ፣ ባለቀለም ክሮች ይርመሰመሳሉ።

«ክሮሞዞሞች ናቸው፣ አባ። አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት የመጣ። ሕዋሱ ልጅ የሚሆነውን ዘር ለመሥራት ሲከፈል፣ እያንዳንዱ አምሳያውን ፈልጎ ይጣመራል። እንዴት እንደሚገናኙ በኮምፒውተር አስመስዬ ሠራሁት። ይመልከቱ!»

ቀዩ ቀዩን፣ ሰማያዊው ሰማያዊውን አገኘ። ወዲያው! ሽማግሌው ለአፍታ አፋቸውን ከፈቱ። በዓይን በማይታይ ጨለማ ውስጥ የእናት ክር የአባትን ክር ይፈልጋል! ከዚያ ዓይናቸው ጠበበ።

«ፈጠኑ።»

«ጎበዝ ስለሆንኩ ነዋ!»

«ድገሚው።»

ደገመችው። አሁንም ወዲያው ተገናኙ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ያ የከብት ነጋዴ ወንዳፍራሽ በሬዎቹን ሲሸጥልኝ ‹ቢፈቱም አይለያዩም› አለኝ። እውነትም ጎን ለጎን መጡ። ለካ ሌሊቱን አንድ ካስማ ላይ አስሯቸው አድሯል! እነዚህስ የት አደሩ?»

«ክር ያድራል እንዴ?» ሳቀች።

«ቅድም ከተጣመሩ በኋላ ማን በተናቸው?»

ሳቋ ተቋረጠ። የጻፈችውን ፕሮግራም ከፍታ መስመር በመስመር ወረደች። ማንም አልበተናቸውም። አዲሱ ሙከራ የሚጀምረው ያለፈው ካበቃበት ቦታ ነበር፤ ክሮቹ ተበትነው ሳይሆን ጎረቤት ሆነው ነው የሚነሱት።

«ነገ ምን እላለሁ፣ አባ?»

«መጀመሪያ በትኛቸው።»

በተነቻቸው። ኦቦ ደቻሳ ለላሟ ገለባ ሰጥተው ተመለሱ፤ ክሮቹ ገና ይንከራተታሉ። የቤቱ ጥላ አጥሩ ጋ ሲደርስ ከአሥሩ ጥንድ የተገናኙት ሰባት ብቻ ነበሩ። ሶያማ የሚያምረውን ውጤት ሰርዛ ይህንን ጻፈች፤ ከሥሩም ስህተቷን።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልክ ጮኸ።

«አባ፣ አለፍኩ! ስህተቱን ራሴ መናገሬን ወደዱት!»

ኦቦ ደቻሳ ፈገግ ብለው ሰማዩን ቀና ብለው አዩ።

«ማለፍሽ የተጻፈበትን ወረቀት ይዘሽ ነይ።»