ጋሼን ላስመረምር ሄጄ

ስዊድን አገር፣ ሁዲንጌ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እኔ ሽማግሎቹን ሳጥብ፣ ጋሼ ደግሞ ወጥ ቤት ሳህኑን ያጥቡ ነበር። የወሎ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። አንድ ቀን ኮሙኑ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ፣ ሠራተኞቹን በነፃ ሊያስመረምር ነው የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። በዚያው የጤና በጀት ፖምና ሙዝ በቅርጫት መምጣት ስለጀመረልን እኔ ደስ ብሎኛል። ጋሼ ግን ፖሙንም አልነኩ። መንግሥት በነፃ የሚመረምረው የሚያባርረውን ሊመርጥ ነው ብለው ደምድመዋል።

እኔ ደግሞ አገሩን ካወቅሁት ገና አራት ዓመቴ ቢሆንም አፌ የተወላጅ ነበር። እዚህ ታመመ ተብሎ ሰው አይባረርም፣ ደግሞስ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ሰበክኳቸው። እሳቸው ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው ጨው ተዉ፤ ለደም ግፊት ፍቱን ነው ብለውም ጠዋት ጠዋት ነጭ ሽንኩርት በጥሬው ይበሉ ጀመር። በቀጠሮው ቀን ላስተረጉምላቸው አብሬያቸው ስገባ ነርሷ በትህትና ሰላም አለችንና ሄዳ መስኮቱን ከፈተችው።

የሚያምዎት ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

"አልሐምዱሊላህ፣ ምንም የለኝም በያት" አሉኝ።

ደረጃ ሲወጡ የሚያቃስቱትን የማውቅ እኔ፣ ለራሳቸው ስል ጉልበታቸውንም ማዞሩንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ስዊድንኛው አይገባቸውም ብዬ ነበር፤ አስተያየታቸውን ሳይ ግን እንደገባቸው አወቅሁ። አፈርኩ። ቢሆንም ልክ ነኝ አልኩ።

ግፊታቸውን ልትለካ ስትቀርብ ክንዳቸውን ሰብስበው "መጀመሪያ አንቺ" አሉኝ። እየሳቅኩ እጅጌዬን ጠቀለልኩ። ነርሷ ለካችኝ፣ ደግማ ለካችኝ። ከዚያ ራስሽን ያምሻል ወይ አለችኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ፈጽሞ አያመኝም አልኩ። ቋሚ ሠራተኛ አልነበርኩም፤ ውሌ በየወሩ ነበር የሚታደሰው፣ ያን ሰዓት ትዝ ያለኝም እሱ ብቻ ነው።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ክኒን ልውጥ ወጥ ቤት ስገባ ውሃ የሚሰጡኝ እሳቸው ነበሩ። በተሰባበረ ስዊድንኛቸው ነርሷን "ጭንቅላት። በየቀኑ። ክኒን" አሏት።

አፈጠጥኩባቸው። እሷ መጻፍ ጀመረች። ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ሲሉ የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ቀድሟቸው ደረሰ።

"አያባርሩም ብለሽኝ የለም እንዴ፣ ልጄ?" አሉና የራሳቸውን ክንድ ለነርሷ ዘረጉላት።