የገዳሙ ሌላው ስም

ደባርቅ ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ። ዕቃዬን በበቅሎ ወደ ሳንቃ በር መንደሮች ሲያደርስልኝ የኖረው ገዳሙ ነበር። አባቱ ልጅ ሲሰይሙ ቤተ ክርስቲያን የሚያንጹ ይመስላቸው ነበር መሰለኝ፤ የመጀመሪያውን ደብሩ፣ ሴቲቱን መቅደስ፣ የመጨረሻውን ገዳሙ አሉ። ሁለቱ በልጅነታቸው ሞቱ። የተረፈው ጠላ ቤት በገባ ቁጥር «ዛሬም ገዳሙ ሰክሯል፣ መነኮሳቱ የት ይደሩ?» እያልን እናበሽቀው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ጭጋግ ገደሉን ሞልቶት አብረን ስንወጣ፣ ከኋላችን ሴት ተጣራች። የማላውቀውን ስም ነበር የጠራችው። ገዳሙ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እንዳትመልስላት» አለኝ።

«ምን አገባኝ፣ እኔን አልጠራችም።»

«የክርስትና ስሜ ነው። የሚያውቀው የክርስትና አባቴ ብቻ ነበር፤ እሱም ሞቷል።»

አስማት ደጋሚ እንዳይደግምበት ዕድሜውን ሙሉ የሸሸገውን ስም እንግዲህ እኔ ሙስሊሙ ነጋዴ ሰማሁት። ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ።

ባለፈው ክረምት ታሞ ሞተ። ለቀብሩ ሄጄ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ እንደቆምኩ ቄሱ ወደ እኔ መጡ። ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ነው፤ የእሱን የሚያውቅ ጠፋ። ዛሪማ ላለች አክስቱ ቢደውሉም አታውቅም።

«ሐጂ፣ ነፍሱን በማን ስም እንለምንለት?» አሉኝ። መካን ባላይም ሐጂ ይሉኛል።

ስምል የኖርኩ ነጋዴ ነኝ፤ የጠበቅሁት መሐላ ግን ያ ብቻ ነበር። ጠጋ ብዬ በጆሯቸው ነገርኳቸው።

«ከማን ሰማህ?»

«አንዲት ሴት ስትጠራው። እናቱ ትሆን አባ?»

«እናቱ የሞተችው በወለደችው ዕለት ነው፤ ክርስትና ሳይነሣ። ይህን ስም ሰምታው አታውቅም» አሉና ገቡ። በዚያው ስም ፈቱት።

እናቱ ካልሆነች ማን ነበረች እያልኩ በቅሎዬን እየሳብኩ ተመለስኩ። ጭጋጉ መንገዱን ዘግቶታል። ቤተ ክርስቲያኑ ከዓይኔ እንደተሰወረ ያች ሴት ያንኑ ስም ጠራች።

ከመቃብሩ በኩል፣ ጭነት አንሣ ስለው እንደሚመልስልኝ በዝግታ፣ «አቤት» ሲል ሰማሁት።

በቅሎዬን ቶሎ በይ ልላት ነበር፤ በቅሎዋ ግን ቀድማኝ እየሮጠች ነበር።